የሽንት ካልቸር ከዕቃው እስከ ውጤቱ፦ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንሠራዋለን

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጥተው ላብራቶሪያችን በር ላይ ቆሙ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አንዲት ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጡ። የልጃቸው ሽንት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተቀዳ። ጀልባው እስኪሞላ ተጠብቆ፣ ወደቡ ላይ ባጃጅ ተፈልጎ፣ ካርድ ተወጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ረፋዱ 5 ሰዓት ሆኗል።

«እማማ፣ ልጅዎ መድኃኒት ጀምራለች?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሲፕሮ እየዋጠች ነው፤ ማቃጠሉ ግን አልተዋትም።»

ናሙናውን አልተቀበልኩም። ከዘጌ ድረስ ለመጣ ሰው ይህን መናገር ይከብዳል። ግን ከዚያ ጠርሙስ የሚወጣው ውጤት ከአለመኖሩ ይብስ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በሚያዝያ ሙቀት። ኢ. ኮላይ የምትባለው ባክቴሪያ ሲመቻት በየ20 ደቂቃው እጥፍ ትሆናለች። በስድስት ሰዓት ውስጥ አንዷ በሂሳብ 262,144 ትደርሳለች። ሽንት ውስጥ ይህን ያህል ባትፈጥንም፣ ከጠርሙሱም ከቆዳም የገባችው አብራ ትባዛለች። በሌላ በኩል ሽንቱ ውስጥ ያለው ሲፕሮ የሚችለውን ይገድላል። ሙቀቱ ያበዛል፣ መድኃኒቱ ይቀንሳል። በመጨረሻ የሚቀረው ቁጥር የልጅቷም የማንም አይደለም።

መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች ሲነሱ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፋርማሲ ነው። ፋርማሲውም የራሱ ጣጣ አለው። ግን የትኛው መድኃኒት እንደተለመደ የሚነግረን ካልቸሩ፣ ማለትም ናሙናውን ምግብ ላይ ዘርቶ ባክቴሪያውን ማብቀሉ፣ ነው፤ ካልቸሩ ደግሞ ከናሙናው የተሻለ ሊሆን አይችልም። ይህን የምጽፈው ለጤና ጣቢያ ነርሶች፣ ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ገና ለገቡ ልጆች፣ እንዲሁም «ካልቸር አሠሩ» ተብሎ ወረቀት ለተሰጠው ሰው ነው።

1. ማን ይመርመር?

ሽንቱ የደፈረሰ ሁሉ ካልቸር አያስፈልገውም። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን፣ ወንድ፣ ሕመሙ እየተመላለሰ የሚያስቸግረው፣ መድኃኒት ጨርሶ ያልተሻለው፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም ያለው፣ ሆስፒታል ተኝቶ የታመመ፤ እነዚህ ይመርመሩ። ምንም የሕመም ስሜት የሌለው ሰው ግን አይመርመር። ሁለት ሰዎች ብቻ ከዚህ ይወጣሉ፦ እርጉዝ ሴትና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው። አዛውንቶች ሽንት ውስጥ ሕመም ሳይኖር ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ፈልገን ካገኘነው ማከም ያምረናል። ሳያስፈልግ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ለባክቴሪያው ትምህርት ቤት ነው።

2. መጀመሪያ ጠይቁ

«መድኃኒት ወስደሃል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «አይ፣ ምንም» ይላችኋል። ቀጥሎ «ከቤት የተረፈ ካፕሱልስ? ጎረቤት የሰጠህ?» በሉት። ያኔ «እሱማ ሁለት ፍሬ ውጫለሁ» ይመጣል። የካፕሱሉን ቀለም፣ መቼ እንደዋጠው፣ ስንት እንደዋጠ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። አብሮ ዕድሜ፣ ጾታ፣ እርግዝና፣ ካቴተር (ፊኛ ውስጥ የሚገባ የሽንት ቱቦ) መኖሩ፣ ናሙናው የተቀዳበት ሰዓት ይጻፍ። ስምና ካርድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ወረቀት እኛን ዕውር ያደርገናል።

ደንቡ፦ ናሙናው ይቅደም፣ መድኃኒቱ ይከተል። ግን ታካሚው የሚንቀጠቀጥ፣ ግፊቱ የወረደ፣ መቀባዠር የጀመረ ከሆነ ካልቸር ተብሎ መድኃኒት አይዘገይም። በደቂቃዎች ውስጥ ሽንትም ደምም ውሰዱና ሕክምናው ይጀመር። ለአዋቂ ደም ካልቸር በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት የተለያዩ ክንዶች ይወሰዳል። ቆዳው ላይ ያደረጋችሁት ፀረ ተሕዋስያን እስኪደርቅ ጠብቁ። የደም ጠርሙስ ፍሪጅ አይገባም። እዚህ ላይ ከሽንት ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

3. አቀዳዱ

ብዙ ቦታ «እንኪ፣ ሽንት አምጪ» ተብሎ ዕቃው ብቻ ይሰጣል። ነርሷ ታፍራለች፣ ታካሚዋም ታፍራለች፣ ውጤቱ ደግሞ ሦስት ዓይነት የቆዳ ባክቴሪያ ይሆናል። ከማፈር መናገር ይሻላል። እኔ የፊተኛው፣ መሐለኛው፣ የኋለኛው እያልኩ ነው የማስረዳው። የፊተኛው ሽንት የቧንቧውን አፍ አጥቦ ይወጣል፤ ለሽንት ቤቱ ነው። መሐለኛው ለእኛ ነው። የኋለኛው እንደገና ለሽንት ቤቱ።

ለሴት፦ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ብልት በንጹሕ ውኃና ጎዝ ከፊት ወደ ኋላ ይጠረጋል። ዴቶልም አልኮልም አይነካም፤ ሽንቱ ውስጥ ከገባ የምንፈልገውን ባክቴሪያ ይገድላል። ከንፈሩን በጣት ከፈት አድርጋ መሽናት ትጀምራለች፤ ሳታቋርጥ ዕቃውን መሐል ላይ ታስገባለች። ለወንድ፦ ያልተገረዘ ከሆነ ቆዳውን ወደ ኋላ ሰብስቦ ያጥባል፤ ሌላው ያው ነው። 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል መሬት አይነካም፣ ጣት አይነካውም። ዕቃው ከላብራቶሪ የተሰጠ፣ ታሽጎ የመጣ ይሁን። በሳሙና የታጠበ ሃይላንድ ንጹሕ ነው፤ ከባክቴሪያ የጸዳ ግን አይደለም።

ካቴተር ያለበት ሰው ከሆነ ከከረጢቱ አትቅዱ። ያ ሽንት ውሎ ያደረ ነው። ቱቦውን ዝቅ ብሎ ጨብጡት፣ መውሰጃውን ቦታ በአልኮል ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ሲሪንጅ ሳቡ። ካቴተሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ይቀየርና ከአዲሱ ይቀዳ። የካቴተር ጫፍ ቆርጣችሁ አትላኩልን። ለሕፃን ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት የተቀዳ ሽንት የሚጠቅመው ምንም ሳይበቅልበት ሲቀር ነው። ከበቀለበት ማመን ያስቸግራል።

4. ሰዓቱ

ከተቀዳ በ2 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ካልሆነ ወዲያው ፍሪጅ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ እስከ 24 ሰዓት። ከሐይቁ ማዶ ወይም ከደሴት ለሚላክ የሽንት ዕቃውን በፌስታል ጠቅልላችሁ በረዶ ባለበት የክትባት መያዣ ውስጥ አድርጉት። በረዶው በቀጥታ ዕቃውን አይንካ። ቦሪክ አሲድ ያለበት ቱቦ ካገኛችሁ ያለ ፍሪጅ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ግን እስከ መስመሩ መሞላት አለበት። ከተቻለ ግን ሰውየው ራሱ ይምጣና እዚሁ ይሽና። ባሕር ዳር ላይ ካልቸር እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ይሠራል። ከመነሳታችሁ በፊት ናሙና በየትኛው ቀንና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቀበሉ ደውላችሁ ጠይቁ።

5. ከፍታችንን አትርሱ

ይህ የባሕር ዳር ጉዳይ ነው፤ ከባሕር ጠለል እኩል ባለ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ አታገኙትም። የባክቴሪያው ምግብ፣ ማለትም አጋሩ፣ አውቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ግፊት መቀቀያ 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይቀቀላል። መጽሐፉ «15 ፒኤስአይ ላይ» ይላል፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ያ ለባሕር ጠለል ነው። ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ውኃ እንኳን 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የአውቶክሌቩ መርፌ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የእኛ አየር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ 121 ዲግሪ ለመድረስ መርፌው ወደ 18 መጠጋት አለበት። 15 ላይ ካቆማችሁት ሙቀቱ አልደረሰም። ከመርፌው ይልቅ ቴርሞሜትሩን እመኑ። ሁልጊዜ አጋር የፈሰሰባቸው ግን ምንም ያልተዘራባቸው አንድ ሁለት ፕሌቶች (ሳህኖች) ኢንኩቤተር በሚባለው የማብቀያ ሣጥን ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት የበቀለባቸው ነገር ካለ ያን ቀን የተፈላውን በሙሉ ጣሉት።

6. መዝራትና መቁጠር

ሽንቱን ቀስ አድርጋችሁ አገላብጡ። 1 ማይክሮ ሊትር የሚይዘውን ሉፕ (ጫፉ ቀለበት የሆነ መዝሪያ) ቀጥ አድርጋችሁ ከላይኛው ፊት ላይ ብቻ ንከሩት። አጋድማችሁ ካጠለቃችሁት ብዙ ይዞ ይወጣል፣ ቁጥሩም ይዋሻል። በፕሌቱ መሐል አንድ መስመር ስቡ፣ ከዚያ መስመሩን እያቋረጣችሁ ዚግዛግ አድርጉ። ሲሌድ የሚባለው አጋር ለሽንት ጥሩ ነው፤ ከሌለ የደም አጋርና ማኮንኪ። 35 ዲግሪ ላይ ያድራል።

በማግሥቱ ኮሎኒዎቹን፣ ማለትም የበቀሉትን የባክቴሪያ ነጠብጣቦች፣ ቁጠሩ። አንዷ ኮሎኒ በሚሊ ሊትር 1,000 ባክቴሪያ ማለት ናት። 100 ከሆኑ 100,000፤ ይህ የተለመደው የኢንፌክሽን ወለል ነው። ሕመም ላለበት ሰው፣ በተለይ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ከበቀለ፣ ከዚያ ያነሰም ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ሐኪሙን አነጋግሩ። ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ከበቀለ ናሙናው ተበክሏል። «ድጋሚ ናሙና ይላክ» ብላችሁ ጻፉ። አሳዝኗችሁ ከሦስቱ አንዱን መርጣችሁ ሴንሲቲቪቲ (የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ መፈተሻውን) አትሥሩ። ይህን ስህተት የሚሠሩት ደጎች ናቸው።

ባክቴሪያውን መለየት የራሱ ረጅም ሥራ ነው። እዚህ የሚበቃን ግራም ስቴይን የሚባለውን የቀለም ምርመራ ማድረግና በባዮኬሚካል ምርመራ ስሙን ሳያውቁ ወደ ዲስክ አለመሄድ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

7. ዲስኩ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ባክቴሪያውን ፕሌቱ ላይ እንደ ሣር ትዘራለህ። መድኃኒት ውስጥ የተነከረ ትንሽ የወረቀት ዲስክ ታስቀምጣለህ። መድኃኒቱ ወደ አጋሩ ይሰርጋል። ባክቴሪያው ከተሸነፈ በዲስኩ ዙሪያ ባዶ ክብ ይቀራል። ከለመደው እስከ ዲስኩ ጥግ ይበቅላል። ሐሳቡ ቢቀልም ሚሊ ሜትር ላይ ነው የሚኖረው፤ እያንዳንዷ ስንፍና ክቡን ታጠባለች ወይም ታሰፋለች።

ከንጹሕ ፕሌት ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ አራት አምስት ኮሎኒዎች ነካ አድርጋችሁ ጨው ውኃ ውስጥ በትኑ። ድፍርሱ 0.5 ማክፋርላንድ ከሚባለው የድፍርስ መለኪያ ጋር እኩል ይሁን። መለኪያውን መግዛት ካልቻላችሁ እዚሁ ይሠራል፦ 1.175 በመቶ ባሪየም ክሎራይድ 0.05 ሚሊ ሊትር፣ 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ 9.95 ሚሊ ሊትር፣ በታሸገ ቱቦ፣ ጨለማ ቦታ። ከመጠቀማችሁ በፊት ወዝውዙት። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመሮች አሥምራችሁ ሁለቱን ቱቦዎች ከፊቱ ያዙ፤ መስመሩ በሁለቱም እኩል ሲደበዝዝ ደርሷል። በዓይን ግምት «በቃ እንዲህ ነው» አይባልም። ድፍርሱ ከበዛ ሁሉም መድኃኒት የተለመደ ይመስላል።

በ15 ደቂቃ ውስጥ ስዋቡን (ጫፉ ጥጥ የሆነውን እንጨት) ንከሩ፣ ቱቦው ግድግዳ ላይ ጨምቁት፣ ሙለር ሂንተን አጋሩን በሦስት አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ቀቡ፣ ፕሌቱን በየጊዜው 60 ዲግሪ እያዞራችሁ። ከዚያ ዲስኮቹን አስቀምጡ። ከመሐል እስከ መሐል ቢያንስ 24 ሚሊ ሜትር ይራራቁ። ትንሹ ፕሌት ላይ አምስት ዲስክ ይበቃል። አንዴ የነካ ዲስክ አይነሳም፤ መድኃኒቱ ወዲያው መስረግ ጀምሯል። ተገልብጦ 35 ዲግሪ ላይ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። መብራት ከጠፋ ሰዓቱን መዝግቡ። ጄኔሬተሩ ቶሎ ካልተነሳ የዚያን ሌሊት ንባብ በቁጥጥር ባክቴሪያው፣ ማለትም ክቡ ስንት መሆን እንዳለበት በሚታወቀው፣ ሳታረጋግጡ አትልቀቁ።

ዲስኮቹ ፍሪጅ ይኖራሉ። ስታወጧቸው እስከ ክፍሉ ሙቀት እስኪደርሱ አትክፈቱ፤ አንድ ሰዓት ገደማ። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት ጤዛ ይይዛል፤ እንደ አምፒሲሊን ያሉት ደግሞ እርጥበት አይወዱም።

የራሴን ልንገራችሁ። ድሮ በሠራሁበት አንድ ቦታ ሳምንቱን ሙሉ ባክቴሪያው ሁሉ ጀንታማይሲን የለመደ ሆኖ ወጣ። ሐኪሞቹ ተደናገጡ። አዲስ ወረርሽኝ ነው ተባለ። በመጨረሻ አንዷ ባልደረባችን የቁጥጥር ባክቴሪያውን፣ ኤቲሲሲ 25922 የሚባለውን ኢ. ኮላይ፣ ዘራችው። ለጀንታማይሲን ክቡ ከ19 እስከ 26 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 16 ሆነ። አጋሩ ሲለካ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። መሆን ያለበት 4 ነው፤ በትንሹ ፕሌት 25 ሚሊ ሊትር ገደማ። መድኃኒቱ ወደ ጎን ከመሄድ ወደ ታች ሰምጦ ቀርቷል። አፍሳሹ እኔ ነበርኩ፤ ለጋስ ነኝ ብዬ። ከዚያ ወዲህ በመለኪያ ሲሊንደር ነው የማፈሰው፣ ጠረጴዛውንም በውኃ ልክ አረጋግጣለሁ።

8. ከማንበባችሁ በፊት ተጠራጠሩ

ክቡን ከጀርባው በማስመሪያ ለኩ፣ ዲስኩን ጨምሮ። ኮትሪሞክሳዞል ላይ ስስ ጭጋግ የመሰለ እድገት ቢኖር ተዉት፤ ጥቅጥቅ ያለውን ጥግ ለኩ። ፕሮቲየስ የሚባለው ባክቴሪያ ክቡ ውስጥ በስሱ ሲንሸራተት እንዲሁ።

ከዚያ ስሙን ከውጤቱ ጋር አስተያዩ። ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ በተፈጥሮው አምፒሲሊንን ይቋቋማል። ሴንሲቲቭ ሆኖ ከወጣ ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ ዲስኩ፣ ወይ ሁለት ባክቴሪያ ተቀላቅሏል። ፕሮቲየስ ለናይትሮፉራንቶይን፣ ሱዶሞናስ ለሴፍትሪያክሶን፣ ኢንተሮኮከስ ለሴፋሎስፖሪኖች በሙሉ፤ እነዚህ ሲወለዱም እንዲሁ ናቸው። ስሙን ሳታውቁ ዲስክ አታስቀምጡ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሴፍትሪያክሶን ከተለመደ ኢኤስቢኤል የሚባለውን መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም ፈልጉ። ሴፎታክሲምና ሴፍታዚዲም ለብቻቸውና ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ይቀመጣሉ። ክላቩላኒኩ የተጨመረበት ክብ በ5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሰፋ ኢንዛይሙ አለ። ይህ ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ነገር ነው። ኢንዛይሙን የሚሸከመው ዘረ መል ብዙ ጊዜ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚሻገር ቁራጭ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ አልጋ ላይ ያለው ለሚቀጥለው አልጋ በነርስና በሐኪም እጅ ይደርሳል። ስለዚህ ወረቀቱ እስኪታተም አትጠብቁ። ለክፍሉ ደውሉ።

9. ወረቀቱ ሲወጣ

የፈተናችሁትን ሁሉ አትጻፉ። ዘጠኝ መድኃኒት ሴንሲቲቭ ብላችሁ ከሰጣችሁ ሐኪሙ ጠንካራውን ይመርጣል፤ እኔም ብሆን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ከፍሏል፦ መጀመሪያ የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጡ። ናይትሮፉራንቶይንና ኮትሪሞክሳዞል ከመጀመሪያው ናቸው፤ ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን ከሁለተኛው። የመጀመሪያዎቹ ከሠሩ እነሱን ከላይ ጻፉ። ናይትሮፉራንቶይን ግን ፊኛ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ትኩሳትና የጎን ሕመም ካለ ኩላሊት ደርሷልና አይበቃም።

ወረቀቱን የተቀበላችሁ ታካሚዎችም አንድ ነገር። በሚሊ ሜትር ትልቁን ቁጥር አትክበቡ። የአንዱ 18 ይሠራል ማለት ሲሆን የሌላው 18 የተለመደ ማለት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ድንበር አለው። ከጎኑ የተጻፈውን ፊደል እዩ፦ ኤስ ይሠራል፣ አር ተለምዷል፣ አይ መሐል ላይ ነው፤ እሱን ለሐኪሙ ተዉት።

የዘጌዋ እናት በማግሥቱ ልጃቸውን ይዘው መጡ። እዚሁ ሸናች፣ መሐለኛውን። ሲፕሮ እየወሰደች እንኳ ኢ. ኮላይ ከ100,000 በላይ በቀለ፤ ለሲፕሮ አር፣ ለናይትሮፉራንቶይን ኤስ። ትኩሳትም የጎን ሕመምም አልነበራትም፤ ሐኪሟ ቀየረላት። ደውዬ ስነግራቸው እናትየው በጣም አመሰገኑኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«እሺ ልጄ፣ የተረፈውን ሲፕሮ ለጎረቤቴ ልስጠው? እሷንም ያቃጥላታል።»

«አይ እማማ፣ ለፋርማሲው መልሱት። ጎረቤትዎንም በሚቀጥለው ጀልባ ይዘዋት ይምጡ፤ ባዶ እጇን።»